ምግቡም ኮክቴሉም መልካም ሆኖ ሳለ ማዕዱ ለምን አይሰምርም?

ጥያቄ፦ ከ«ማዕዘን ወንበር»

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከቤቴ በእግር አምስት ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ በአንድ በኩል የኮክቴል ባር፣ በሌላው በኩል ደግሞ የመመገቢያ ጠረጴዛዎች ያሉት አነስተኛ ምግብ ቤት አለ። ከተከፈተ ጀምሮ ደንበኛው ነኝ፤ ስሙን የማልጠቅሰውም ቅሬታዬ ሰዎቹን እንዲጎዳ ስለማልፈልግ ነው። አስተናጋጆቹ ትሑታን ናቸው፣ ምግቡ ታስቦበት እንደተሠራ ያስታውቃል፣ ባሬስታውም መጠጡን የሚያዘጋጀው በመስፈሪያ እየለካ እንጂ በግምት አይደለም።

ይሁን እንጂ ምግቡንና ኮክቴሉን በአንድ ምሽት፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስፈልጋቸው አይገናኙልኝም። ባለፈው ሳምንት ከእህቴና ከባለቤቷ ጋር ሄደን መጠጡንም ምግቡንም በአንድ ጊዜ አዘዝን። ኮክቴሎቹ ወዲያውኑ መጡ፤ ምግቡ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየ። ዓሣው ሲቀርብ የእኔ መጠጥ ለብ ብሎ፣ መጀመሪያ ስቀምሰው የወደድኩት ምሬቱ ደብዝዞ፣ ጣፋጭ ውኃ መስሎ ነበር። ሁለተኛ ዙር ብናዝም የደረሰው ሳህኖቹ ከተነሡ በኋላ ነው። በዚህ ላይ ባሩ እየሞላ ሲሄድ ጫጫታው ከመበርታቱ የተነሣ፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለው እህቴ ግማሹን ምሽት ዝም ብላ አሳለፈች። ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ የተገናኘነው ለመጨዋወት ነበርና።

ምግብ ቤትና ባር በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሠሩ ይህ የማይቀር ነውን? ወይስ በአስተዛዘዛችን ያጠፋነው ነገር አለ? ለባለቤቱስ ሳላስቀይም እንዴት ብነግረው ይሻላል?

መልስ፦ ከ«በረዶና መስፈሪያ»

ብዙ ዓመት ከባንኮኒ ጀርባ ስለቆምኩ ስለ መጠጡ ብቻ ልናገር። ያጋጠመዎት ነገር የባሬስታው ጥፋት አይመስለኝም፤ ኮክቴል በባሕርዩ ዕድሜው አጭር ነው።

ብዙ ሰው ውኃ መጠጡን የሚያበላሽ ባዕድ ነገር ይመስለዋል። ሆኖም ኮክቴል የሚለው ቃል በ1806 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሃድሰን በምትባል ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ሲተረጎም፣ ከጠንካራ መጠጥ፣ ከስኳር፣ ከውኃና ከመራራ ቅመም የሚዘጋጅ ነው ተብሎ ነበር። ውኃው ከመጀመሪያውም የመጠጡ አካል ነው። 1 ግራም በረዶ ሲቀልጥ 334 ጁል ያህል ሙቀት ከመጠጡ ይወስዳል፤ መጠጡን በዋናነት የሚያቀዘቅዘው የበረዶው ቅዝቃዜ ሳይሆን ይህ መቅለጥ ነው። ስለዚህ ሳይቀጥን የሚቀዘቅዝ በበረዶ የተሠራ ኮክቴል የለም። ጂንና ቨርሙዝ እንደሚቀላቀሉበት እንደ ማርቲኒ ያለው በማንኪያ የሚማሰል መጠጥ ሲቀዳ ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ከበረዶው የቀለጠ ውኃ ነው፤ እንደ ዳይኪሪ ያለው፣ ሎሚ ገብቶበት በሼከር (መክደኛ ባለው መናጫ) የሚናጠው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። አልኮል ስላለባቸውም ሁለቱም ሳይረጉ ከ0 ዲግሪ በታች ወርደው ይቀዳሉ።

እንግዲህ ባሬስታው ልኩን ጠብቆ ካስረከበ በኋላ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ብርጭቆው ውስጥ በረዶ ከሌለ መጠጡ ይሞቃል፤ ካለ ደግሞ መቅጠኑን ይቀጥላል። ቅዝቃዜ የጣፋጭነትን ስሜት ስለሚያደበዝዝ፣ መጠጡ በሞቀ ቁጥር ስኳሩ ጎልቶ ይወጣል። «ጣፋጭ ውኃ» ያሉት ይህንኑ ነው፤ ምላስዎ አልተሳሳተም።

ስለሆነም ያለ በረዶ በአጭር ብርጭቆ የሚቀርበውን ኮክቴል ምግብ ከመምጣቱ በፊት፣ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ይጨርሱት። ከምግቡ ጋር አብሮ እንዲቆይ የሚፈልጉት ከሆነ ሶዳ የሚጨመርበትን በረጅም ብርጭቆ የሚቀርብ መጠጥ፣ ወይም በአንድ ትልቅ በረዶ ላይ የሚቀዳውን ይምረጡ። እኩል ክብደት ካላቸው ትናንሽ በረዶዎች ይልቅ አንድ ትልቅ በረዶ ለመጠጡ የሚጋለጥ ገጹ ስለሚያንስ ቀስ ብሎ ይቀልጣል። ስለ ቤቱ ጥንቃቄ ማወቅ ከፈለጉ ደግሞ የተከፈተው የቨርሙዝ ጠርሙስ የት እንደሚቀመጥ ይመልከቱ። ቨርሙዝ አልኮል የተጨመረበት ወይን ስለሆነ ከተከፈተ በኋላ አየር ያበላሸዋል፤ ቦታው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ሞቃት መደርደሪያ ላይ ለወራት የቆመ ቨርሙዝ ባየሁበት ቤት ማርቲኒ አላዝም።

መልስ፦ ከ«ትዕዛዝ ተቀባይ»

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ እኔ በአስተናጋጅ በኩል የሚታየውን ልጨምር። ጠረጴዛዎ ላይ የተጻፈው ትዕዛዝ አንድ ቢመስልም ወዲያው ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ወደ ባንኮኒ፣ ግማሹ ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል። ሁለቱም በደረሳቸው ቅጽበት ሥራ ይጀምራሉ፤ ነገር ግን ሦስት ኮክቴል በጥቂት ደቂቃ ሲዘጋጅ ዓሣና ሥጋ ያን ያህል አይፈጥኑም። ካልተነጋገሩ በቀር መቼም አብረው አይደርሱም። የሚያነጋግራቸው ደግሞ አስተናጋጁ ነው፤ እሱ ደግሞ ቤቱ ሲሞላ ጊዜ የለውም።

ስለዚህ በአንድ ጊዜ አይዘዙ። መጀመሪያ መጠጡንና አንድ ቀለል ያለ መቅመሻ ይጠይቁ፤ ይህ በባዶ ሆድ ከመጠጣትም ያድናል፤ ምግብ ያለበት ሆድ አልኮሉን ወደ ትንሹ አንጀት የሚያሳልፈው በዝግታ ነውና። ዋናውን ምግብ ሲያዙ ደግሞ «ሁለተኛው መጠጥ ከምግቡ ጋር እንዲደርስልን እንፈልጋለን» ብለው በግልጽ ይናገሩ። አንዳንድ እንግዳ እንዲህ ማለት ያፍራል፤ ለእኔ ግን ትልቅ እገዛ ነበር፤ ትዕዛዙ ላይ ጽፌው ወጥ ቤቱ ሳህን ማውጣት ሲጀምር ለባሬስታው ምልክት እሰጥ ነበር።

ቅሬታውን በተመለከተ፣ ከሁሉም የሚከብደን ፈገግ ብሎ ከፍሎ ወጥቶ በማግስቱ በአደባባይ የሚጽፍ እንግዳ ነው። መጠጡ ዘግይቶ ሲመጣ እዚያው ቢነገረን ማስተካከል እንችል ነበር።

መልስ፦ ከ«የተነካ ጆሮ»

እህትዎ ዝም ያለችበት ምክንያት መጠጥም ምግብም አይደለም፤ እኔም በአንድ ጆሮዬ ስለማልሰማ ነገሩ ከልቤ ገብቷል። ኤትየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ የጆሮ ሐኪም በ1911 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ሰው በጫጫታ መካከል ሲሆን ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በባር ውስጥ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ከጎረቤቱ በላይ ለመሰማት ሲጥር ጎረቤቱም ይጨምራል፤ ማንም ሳይጮህ የጀመረው ምሽት በጩኸት ያልቃል። መደበኛ ንግግር በአንድ ሜትር ርቀት 60 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ነው፤ በዙሪያው ያለው ጫጫታ 10 ዴሲቤል ሲጨምር ለጆሯችን እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል።

መፍትሔው ሙዚቃውን መቀነስ ብቻ አይደለም። መስታወት፣ የተወለወለ ድንጋይና ባዶ ግድግዳ ድምፅን መልሰው ይወረውሩታል። ዋላስ ሳቢን የተባለው የሃርቫርድ የፊዚክስ መምህር በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ማሚቶ ያስቸገረበትን አንድ የመማሪያ አዳራሽ ሲያጠና የተጠቀመው በወንበር ትራሶች ነበር፤ ትራሶቹ በበዙ ቁጥር ድምፁ ጠፍቶ እስኪያልቅ የሚወስደው ጊዜ አጠረ። ወፍራም መጋረጃ፣ ጨርቅ የለበሰ ወንበር፣ ጣሪያ ላይ የሚለጠፍ ድምፅ መጣጭ ሰሌዳም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ለባለቤቱ «ቤትዎ ይጮኻል» ከማለት ይልቅ «በባሩና በጠረጴዛዎቹ መካከል ወፍራም መጋረጃ ቢሰቀል» ማለት ይጠቅማል። እስከዚያው ድረስ እህትዎን ጀርባዋን ወደ ግድግዳ አድርገው፣ ከባንኮኒው ርቃ፣ ፊት ለፊትዎ ያስቀምጧት፤ ከንፈርዎን ማየት ብቻውን ብዙ ይረዳታል።

መልስ፦ ከ«ከፋይ»

ምክራችሁ ሁሉ መልካም ነው፤ አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። የመጠጡን ሰዓት የሚያቀናጀው፣ ወንበር የሚመርጠው፣ አስተናጋጁን የሚያስታውሰው እንግዳው ከሆነ ቤቱ ምን ሊሠራ ነው? የምከፍለው ይህን ሌላ ሰው እንዲያስብልኝ ነው። ለባለቤቱ በትሕትና ንገሩት፤ ነገር ግን ጥፋቱን በአስተዛዘዛችሁ ላይ አትፈልጉ።

ከጠያቂው፦ «ማዕዘን ወንበር»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። «ከፋይ» ያሉት እውነት አለው፤ ቢሆንም ቤቱን ስለምወደው የእኔን ድርሻ ልሞክር ብዬ ትናንት ከእህቴ ጋር ብቻችንን፣ ሰው ሳይበዛ፣ ቀደም ብለን ሄድን። ማርቲኒዬን ምግብ ሳላዝ፣ ብርጭቆው ላይ ያለው ጤዛ ሳይጠፋ ጨረስኩት፤ ከሥጋው ጋር ደግሞ በትልቅ በረዶ ላይ የተቀዳ ኔግሮኒ የተባለ መራራ ኮክቴል እንዲመጣልኝ ጠየቅሁ። አስተናጋጇ ምንም ሳይከብዳት ጻፈችው፤ ሳህኑና ብርጭቆውም በአንድ ትንፋሽ ልዩነት ጠረጴዛው ላይ ዐረፉ። ምሬቱ ከሥጋው ስብ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ያወቅሁት ገና ትናንት ነው።

ባለቤቱን ሂሳብ ስከፍል ለብቻው አነጋገርኩት። ስለ ትዕዛዙ ስነግረው ከባሬስታው ጋር እንደሚመካከር ገለጸልኝ። ስለ ጫጫታው ግን መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፤ ቤቱ የሞቀ እንዲመስል እንደሚፈልግ ነገረኝ። እህቴ ግን በራሷ አንደበት፣ ባለፈው ምን ያህሉን ጨዋታ እንዳልሰማች አስረዳችው። ትንሽ ዝም ብሎ መጋረጃው የት ቢሰቀል እንደሚሻል ጠየቃት፤ እሷም ተነሥታ በባንኮኒው ጫፍና በመጀመሪያው ጠረጴዛ መካከል ያለውን ቦታ በእጇ አሳየችው።