በቆሎው ሳይታጨድ ፌዛንት አደን ልሂድ ወይስ ልቆይ?

ሰላም ወገኖች፣ ሳውዝ ዳኮታ ሄዶ ፌዛንት ያደነ ካለ እባካችሁ ምከሩኝ። የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ፌዛንት ለማያውቅ፣ ቆቅ የምትመስል ጅራተ ረጅም ወፍ ናት። እንዲታደን የተፈቀደው አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው አውራው ብቻ ነው፤ በቀን 3።

ወቅቱ የሚከፈተው በኦክቶበር ሦስተኛ ቅዳሜ ነው። አምና በዚያው ሳምንት ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ። አኩሪ አተሩ ተነስቷል፣ በቆሎው ግን እንደቆመ ነበር። በሣሩ ጠርዝ ስንሄድ ወፎቹ ከፊታችን በእግራቸው እየሮጡ በቆሎው መሃል ይገባሉ። ደረቁ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል፣ የሚታይ ነገር ግን የለም። ኮምባይነሩ ካለፈ በኋላ መሸሸጊያቸው ሣሩና ረግረጉ ብቻ ስለሚሆን ያኔ ማግኘት ይቀላል።

ዘንድሮም በቆሎው እርጥብ ነው፣ ገበሬዎቹ እስኪደርቅ እየጠበቁ ነው። የጨነቀኝ ፈቃዱ ነው፦ ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ቀን ብቻ ነው የሚሰጠው። ሁለቱንም ወደ ኖቬምበር ልግፋቸው? ብዙ ከዘገየሁ ደግሞ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ ያደንኩትን ወጥ ሠርቼ ቤተሰቤን ማብላት በጣም እፈልጋለሁ። በዚያ ላይ እስከዚያ የሚተርፉት ወፎች ተኩስ የለመዱ፣ ሰው ሲያዩ ከሩቅ የሚነሱ ናቸው።

አንዱን አምስት ቀን ለመክፈቻው፣ ሌላውን ለኖቬምበር መጀመሪያ ባደርገውስ? በቆሎው ቆሞ እያለ ሁለት ሰው ብቻ ሆኖስ እንዴት ነው የሚታደነው?