ቦቢ ዋይን የማን ሚዜ ነበር?

ሰናይት
በፈረንጆች 2021 ኦገስት የዛምቢያው ተቃዋሚ ሃካይንዴ ሂቺሌማ ምርጫ ማሸነፉ ከተነገረ ጀምሮ፣ በዚያው ዓመት በፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ተሸነፈ የተባለውን የኡጋንዳውን ዘፋኝና ተቃዋሚ ቦቢ ዋይንን መውቀስ ፋሽን ሆኗል። ትናንት ማታ እዚሁ ጋሽ አስናቀ «ቦቢ ዋይን ለሙሴቬኒ ሰርግ ሚዜ ሆኖ ነው የተመለሰው» ብለው ጻፉ። ስንቱ ሰው ላይክ አደረገላቸው! እኔ ግን ንድድ አለኝ።

ጋሽ አስናቀ፣ በአክብሮት ልጠይቅዎት። ጥይት መከላከያ ሰደርያና የብረት ቆብ አድርጎ የሚያጅብ ሚዜ የት አይተዋል? ሰውዬው ዕጩነቱን ባስመዘገበበት ቀን ከመኪናው ጎትተው አሰሩት። ሁለት ሳምንት ቆይተው ሉካ በሚባል ወረዳ ደገሙት። ሰበቡ ኮሮና ነው፤ ከ200 ሰው በላይ ሰብስበሃል አሉት። ሕዝቡ ተቆጥቶ ሲወጣ ወታደሩም፣ ሲቪል የለበሰ ታጣቂም ተኮሰበት። መንግሥት ራሱ ያመነው የሟች ቁጥር 54 ነው፤ ያውም በሁለት ቀን። ሰርግ ያሉት ይሄን ነው?

አስናቀ
ሰናይት ልጄ፣ ፈሪ ነው አላልኩም። ልጁ ጀግና ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው።

ሙሴቬኒ በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የሥልጣን ዘመን ገደቡን አስነሳ። በ2017 የ75 ዓመቱን የዕድሜ ጣሪያ አስነሳ። የምርጫ ኮሚሽኑን የሚሾመው እሱ፣ ጦሩን የሚያዘው እሱ። ከቦቢ ዋይን በፊት ኪዛ ቤሲጄ 4 ጊዜ ተወዳደረ፤ 4 ጊዜም ተሸነፍክ ተባለ። ሁለቴ ፍርድ ቤት ሄደ። በ2006 ዳኞቹ ሕግ መጣሱን እያመኑ 4 ለ 3 ውጤቱን አጸደቁት። ይሄን ሁሉ እያወቀ የገባ ሰው ምን አተረፈ? ለሙሴቬኒ 58 በመቶ፣ ለራሱ 35 በመቶ ተጽፎለት ወጣ። አሁን ሙሴቬኒ በየስብሰባው «ተወዳድሬ አሸነፍኩ» ይላል። እንዲህ ለማለት ተወዳዳሪ ያስፈልገዋል። ሚዜ ያልኩት ለዚህ ነው።

ብሩክ ካምፓላ
እኔ የምኖረው ካምፓላ፣ ካንሳንጋ ሰፈር ነው። ጋሽ አስናቀ፣ እርስዎ ውጤቱን ከዜና ሰሙ፣ እኛ ውስጡ ነበርን።

ምርጫው ጃንዋሪ 14፣ 2021 ነበር። በዋዜማው ማታ ኢንተርኔት ጭጭ አለ። ፌስቡክማ ቀድሞ ተዘግቷል። እዚህ አገር ሰው ገንዘቡን የሚይዘው ስልኩ ላይ ነው። ሞባይል መኒ ሲቋረጥ ጥሬ ብር ያልያዘ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ቀረ። ጎረቤቴ ቦዳ ቦዳ (የሞተር ታክሲ) ነጂ ነው፤ ነዳጅ መግዣ አጥቶ ሞተሩን በር ላይ አቁሞ ቁጭ ብሎ ነበር።

ለምን ዘጉት? የቦቢ ዋይን ወኪሎች በየጣቢያው የተፈረመውን የውጤት ቅጽ በስልክ ፎቶ እያነሱ ሊልኩ ተዘጋጅተው ነበር። 34,684 የምርጫ ጣቢያ ነው ያለው። ኢንተርኔት ከሌለ ያ ሁሉ ወረቀት በምን ይሰበሰባል? መንግሥት የአገር ንግድ የሚያቆመው ለሚዜ ብሎ አይደለም። የሚፈራው ሰው ስለመጣበት ነው።

ዳዊት
ሁለታችሁም አጋነናችሁ። ዛምቢያም እኮ በድምጽ መስጫው ቀን ዋትስአፕ ተዘግቷል። የያኔው ፕሬዚዳንት ሉንጉ ወታደር መንገድ ላይ አውጥቷል። ሂቺሌማ ራሱ በ2017 ሞንጉ ላይ ለሉንጉ አጀብ መንገድ አለቀቅክም ተብሎ፣ በአገር ክህደት ተከስሶ 4 ወር እስር ቤት ከርሟል። ግን ከእስር ወጥቶ ምን አደረገ? ፓርቲውን አደራጀ። ደቡቡና ምዕራቡ ላይ የበዛውን ድጋፍ ሰሜኑ ድረስ ወሰደው። 59 በመቶ ያገኘው ለዚህ ነው።

ቦቢ ዋይንስ? ፓርቲውን ይዞ ብቅ ያለው በ2020 አጋማሽ ነው። ምርጫው ወራት ሲቀሩት! የደጋፊዎቹን ምልክት ቀይ ቆብ ይዞ፣ የዘፈን አድናቂ ይዞ ሙሴቬኒን ይጥላል? ሚዜ አልለውም። ሳይዘጋጅ የገባ ግን ነው።

ሃያት
ዳዊት፣ ቀይ ቆቡን እንኳን በ2019 የጦር ሠራዊት አልባሳት ነው ብለው እንደከለከሉት ታውቃለህ? ቆብ የሚከለከል አገር ላይ «ለምን ቀስ ብሎ አላደራጀም» ትላለህ?

ደግሞ ሁለቱን አገሮች አታወዳድርብኝ። ዛምቢያ ላይ ፕሬዚዳንት ካውንዳ በ1991 ተሸንፈው ቤታቸው ገብተዋል። ተከታያቸው ቺሉባ በ2001 ሦስተኛ ዙር ሲያምራቸው ሰዉ እምቢ ብሎ አስቀርቷቸዋል። በ2011ም ሥልጣን ላይ የነበረው ፓርቲ ተሸንፎ አስረክቧል። ልማድ አለ። ቤተ ክርስቲያኖቹ ታዛቢ አሰማርተው በናሙና የራሳቸውን ቆጠራ ይሠራሉ። ሉንጉ ሦስት ክፍለ ሀገር ላይ ችግር ነበር ብሎ ሊያንገራግር ሞከረ፣ ግን የሚያዋጣ ስላልሆነ ተቀበለ። ኡጋንዳ በ1962 ነፃ ከወጣች ጀምሮ አንድም ፕሬዚዳንት በምርጫ ተሸንፎ ለሌላው አስረክቦ አያውቅም። አንድም!

አስናቀ
ሃያት የልቤን ተናገርሽልኝ። እኔስ ምን አልኩ? አንድም ጊዜ ሥልጣን በምርጫ ተላልፎ በማያውቅበት አገር ምርጫ መግባት ምን ይባላል?

ሃያት
የኔን ነገር ለራስዎ አይጠምዝዙት እንጂ! እኔ ያልኩት ከሂቺሌማ ጋር አታወዳድሩት ነው። አይግባ አላልኩም።

ሰናይት
ጋሽ አስናቀ፣ ባይገባ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? እስቲ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ሙሴቬኒ 90 በመቶ ብሎ ያውጅ ነበር፣ አለቀ። አሁን ግን የምርጫው ካርታ ምን እንደሚመስል አገር አየው። ሙሴቬኒ ጫካ ገብቶ የተዋጋበት ሉዌሮ፣ «ደማችንን የገበርንበት» የሚሉት ቦታ፣ ቦቢ ዋይንን መረጠ። የያኔው ምክትል ፕሬዚዳንት ሴካንዲ ማሳካ ላይ የፓርላማ ወንበራቸውን ተነጠቁ። ብዙ ሚኒስትር ተዘረረ። የቦቢ ዋይን ፓርቲ 57 ወንበር ይዞ ዋናው ተቃዋሚ ሆነ፤ ያውም የአንድ ዓመት ዕድሜ ሳይሞላው። ይሄን የሠራው ያ ቅስቀሳ ነው።

አስናቀ
57፣ ከ500 በላይ ወንበር ካለው ፓርላማ! ደሞዝና መኪና ይሰጣቸዋል፣ እጅ ሲያወጡ ይቆጠራሉ፣ ይሸነፋሉ። እሱም ማጀብ ነው።

ሊቁ
አንድ ነገር ሁላችሁም እየዘለላችሁት ነው። በብዛት የመረጠው ቡጋንዳ፣ የራሱ ብሔር የባጋንዳዎች አካባቢ ነው። ሉዌሮም ማሳካም ቡጋንዳ ናቸው። ምዕራቡንና ሰሜኑን አላሸነፈም። የአንድ ብሔር ዕጩ ሆኖ ነው የቀረው።

ብሩክ ካምፓላ
ይሄ ሙሴቬኒ ራሱ ከምርጫው በኋላ ያወራው ወሬ ነው፣ ሊቁ። የተያዘበት ሉካ ቡሶጋ የሚባል ሌላ አካባቢ ውስጥ እንጂ ቡጋንዳ ውስጥ አይደለም። እዚያ ወጥቶ የጠበቀው ሰው ማን ነበር? ሰሜንና ምዕራብ ሄዶ ሊቀሰቅስ ሲል ደግሞ መንገድ ይዘጋበታል። ሬዲዮ ጣቢያ ሲገባ ፖሊስ ከውጭ ይጠብቀዋል። ገጠር ያለው ሰው የሚሰማው ሬዲዮ ነው። ድምፅህን ሳያሰሙህ «ሰሜን አልመረጠህም» ማለት ምን ማለት ነው? ካምፓላን ጨምሮ ድጋፉ የሚበዛባቸው ቦታዎች ላይ ደግሞ በዲሴምበር መጨረሻ በኮሮና ስም ቅስቀሳ ጭራሽ ተከለከለ።

ሊቁ
ቁጥሩ ቁጥር ነው። የራሱን ወገን ይዞ አገር አይመራም።

ሃያት
እባካችሁ የኛን አገር የብሔር ጣጣ ኡጋንዳ ድረስ አትጫኑ። ካምፓላ ውስጥ ካምዎቻ ሰፈር ያደገ ልጅ ነው። ጎኑ የነበሩት ወጣቶች ሥራ አጥ መሆናቸውን እንጂ ከየት እንደመጡ ሲቆጥሩ አልሰማሁም።

ዳዊት
እሺ፣ ይሄንንስ መልሱልኝ። ተጭበርብሬያለሁ ብሎ ፌብሩዋሪ ላይ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ሳምንታት ሳይቆይ ክሱን አነሳ። ማስረጃ ካለህ ለምን ታነሳለህ?

ሰናይት
ዳዊት፣ ከምርጫው ማግስት ጀምሮ ቤቱ በወታደር ተከቦ እንደነበር ረሳኸው? የአሜሪካ አምባሳደር ልትጠይቀው ሄዳ በር ላይ መልሰዋታል። ወታደሮቹ የወጡት ጃንዋሪ 25 ፍርድ ቤት ካዘዘ በኋላ ነው። ማስረጃ የሚሰበስበው በዚያ መሃል ነው። ተጨማሪ ማስረጃ ላስገባ ሲል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከለከለው። የያኔው ዋና ዳኛ ደግሞ በ2006ቱ ክርክር የሙሴቬኒ ጠበቃ የነበሩ ሰው ነበሩ። አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?

አንድ ነገር ልጨምር። ምርጫው ሳምንት ሲቀረው መኪናው ውስጥ ሆኖ በኢንተርኔት ለጋዜጠኞች መግለጫ ይሰጥ ነበር። ሙሴቬኒን ለዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት መክሰሱን እየተናገረ ነው። እዚያው ፖሊስ መጥቶ ከመኪናው አወጣው፤ ጭስ ተተኮሰ። ጋዜጠኞቹ ከየአገሩ ሆነው በስክሪን እያዩት! ከዚያ በፊት በዲሴምበር ጠባቂው የወታደር መኪና ሄዶበት ሞቷል፤ ፓርቲው ሆን ተብሎ ነው አለ፣ ጦሩ ካደ። ቀብሮ ተመልሶ ቅስቀሳውን ቀጠለ።

ብሩክ ካምፓላ
እሱ ብቻም አይደለም። ፓትሪክ አሙሪያት የሚባለው የቤሲጄ ፓርቲ ዕጩ ሲያስሩት ጫማውን ወሰዱበት። ከዚያ ወዲያ በባዶ እግሩ ነው ሲቀሰቅስ የከረመው። እሱንም ሚዜ ሊሉት ነው ጋሽ አስናቀ?

አስናቀ
ስለ እግሩ አዝናለሁ። ድምፁ ስንት ነበር?

ብሩክ ካምፓላ
ለእግርዎ ጫማ ቢከለከሉ እንዲህ አይጠይቁም ነበር።

አስናቀ
ብሩክ፣ ትሕትና አትጣ። እኔ በዕድሜዬ ስንት ምርጫ አይቻለሁ። የሞቱት የ54ቱ ሰዎች እናቶች ናቸው የሚያሳዝኑኝ። የሚሞተው ሁልጊዜ ተከታዩ ነው። መሪው ከገባ ሕዝቡ ይወጣል፣ ሕዝቡ ከወጣ ይተኮስበታል። ይሄን እያወቁ ማስወጣት ኃላፊነት የለበትም ወይ? ማንም አልመለሰልኝም።

ሃያት
የተኮሰው ማን ነው፣ ጋሽ አስናቀ?

አስናቀ
የተኮሰውማ ይታወቃል። እኔ የጠየቅኩት ሌላ ነው።

ዳዊት
እኔ አሁንም የምለው አንድ ነው። ሂቺሌማ 5 ጊዜ ተሸንፏል። በ2015 የተሸነፈው ከ28 ሺህ በታች በሆነ ድምፅ ነበር። በየሽንፈቱ መሃል ወረዳ ወረዳ እየዞረ ሠርቷል። ቦቢ ዋይን እስከሚቀጥለው ምርጫ ያለውን ጊዜ ሰሜኑ ላይ ቢያሳልፈው ነው የሚሻለው።

ሰናይት
በየትኛው ፈቃድ ነው የሚዞረው? አንድ ስብሰባ እንኳን ያስፈቅድና እናየዋለን።

አስናቀ
እኔም ይሄንኑ ነው የምለው፣ ሰናይት።

ሰናይት
በጭራሽ አንድ አይደለንም፣ ጋሽ አስናቀ። እርስዎ አይግባ ነው የሚሉት። እኔ መንገዱን ይክፈቱለት ነው የምለው።