ሼቫርድናድዜ በሞስኮ የሆነላቸው በቲብሊሲ ለምን አልሆነላቸውም?

ጥያቄ፣ ከ«የራዲዮ ልጅ»

ሰላም ለሁላችሁ። በደርግ ዘመን በቤታችን የምሽቱ ዜና ሲሰማ ማንም ትንፍሽ አይልም ነበር። «የሶቪየት ኅብረት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሼቫርድናድዜ» የሚለው ስም በጆሮዬ የቀረው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው። እኛ ልጆቹ ስሙን እንደ አንባቢው አሳምረን ለመጥራት እንፎካከር ነበር። አሁን በጉልምስናዬ ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ማብቂያ ሳነብ ጀርመኖች እኚህን ሰው እንደ ባለውለታ እንደሚቆጥሯቸው ተረዳሁ። ስለ ጆርጂያ ሳነብ ደግሞ በ2003 የገዛ ሕዝባቸው አደባባይ ወጥቶ ከፕሬዚዳንትነት ያወረዳቸው ሆነው አገኘኋቸው። አንድ ሰው በሁለት ስፍራ ይህን ያህል የተለያየ ስም ያተረፈው እንዴት ነው? ታሪኩን በቅርብ የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብንጽፋቸው ለመከታተል ይቀላል።)

መልስ፣ ከ«ጡረተኛው መምህር»

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን ከሞስኮ ሳይሆን ከጆርጂያ ይጀምራል። ሼቫርድናድዜ በ1928 በጉሪያ አውራጃ፣ ማማቲ በምትባል መንደር ከመምህር አባት ተወለዱ። በወጣት ኮሙኒስቶች ማኅበር በኩል አድገው በ1965 ያኔ ከሶቪየት ሪፐብሊኮች አንዷ የነበረችው የጆርጂያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ጥርሳቸውን የነቀሉት እንግዲህ በፖሊስ ሥራ ነው። በ1972 በሙስና ስሙ የጎደፈውን ቫሲል ምዣቫናድዜን ተክተው የጆርጂያ ኮሙኒስት ፓርቲ አንደኛ ጸሐፊ ሆኑ። ለሞስኮ የነበራቸው ታዛዥነት ዳር አልነበረውም፤ በአንድ የፓርቲ ጉባኤ ላይ ለጆርጂያውያን ፀሐይ የምትወጣው ከምሥራቅ ሳይሆን ከሰሜን፣ ከሩሲያ ነው እስከ ማለት ደርሰው ነበር።

ይሁንና ሰውየውን የሚያሳየው፣ በእኔ ግምት፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1978 ነው። በአዲሱ ረቂቅ ሕገ መንግሥት ጆርጂያኛ የመንግሥት ቋንቋ መሆኑ ሊቀር ሲል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ በተለይም ተማሪዎች፣ በዋና ከተማዋ ቲብሊሲ ውስጥ ሰልፍ ወጡ። ሼቫርድናድዜ ወታደር ከማዝመት ይልቅ ራሳቸው ሰልፈኛው ፊት ቀርበው ተናገሩ፤ ሞስኮንም አሳምነው አንቀጹ ባለበት እንዲቆይ አደረጉ። የእሳቸው ጥበብ ይህ ነው፤ በሁለት በተፋጠጡ ወገኖች መካከል ቆሞ ሁለቱም ሳይዋረዱ የሚወጡበትን በር መፈለግ።

የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ በ1985 ለሃያ ስምንት ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ የቆየውን ግሮሚኮን አንሥተው የውጭ ልምድ እምብዛም ያልነበራቸውን እኚህን ሰው ሲሾሙ የፈለጉትም ይህንኑ ጥበብ ይመስለኛል። በ1987 ከአሜሪካ ጋር የመካከለኛ ርቀት ሚሳይሎች ውል ተፈረመ፤ በየካቲት 1989 የመጨረሻው የሶቪየት ወታደር ከአፍጋኒስታን ወጣ፤ በ1990 ጀርመን ተዋሐደች። ለኢትዮጵያ ይላክ የነበረው የጦር መሣሪያ እየሳሳ የሄደውም በዚሁ ዘመን ነው። የጦር ጄኔራሎቹ ግን ጥርስ ነከሱባቸው፤ «ኦካ» የተባለው ሚሳይል በውሉ ውስጥ ገብቶ እንዲወገድ መደረጉን ይቅር አላሏቸውም። ታኅሣሥ 20 ቀን 1990 በሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ፊት ቆመው አምባገነንነት እየመጣ ነው ብለው አስጠንቅቀው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ስምንት ወር ሳይሞላ በጎርባቾቭ ላይ የነሐሴው መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተከተለ።

በሞስኮ ሲደራደሩ ከኋላቸው ታላቅ መንግሥት ነበረ፤ የተስማሙበትን የሚፈጽም ሠራዊትና ቢሮ ነበራቸው። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ በመጋቢት 1992 ወደ ቲብሊሲ ሲመለሱ ግን የተቀበሏቸው ፕሬዚዳንት ጋምሳኩርዲያን በጠመንጃ ያባረሩት የታጣቂ አለቆች፣ ኪቶቫኒና ዮሴሊያኒ፣ ነበሩ። መንግሥት በሌለበት ድርድር ጊዜ ከመግዛት አያልፍም። እሳቸውም አሥራ አንድ ዓመት ጊዜ ገዙ።

መልስ፣ ከ«ጥቁር ባሕር»

የመምህሩን ትንታኔ አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ለሰውየው ትንሽ ያደላ መሰለኝ። ችግሩ የመንግሥት አለመኖር ብቻ ቢሆን ኖሮ በ1995 መፈታት ነበረበት። በዚያ ዓመት አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ፤ ላሪ የተባለው ገንዘብ ሥራ ላይ ዋለ፤ በነሐሴ መኪና ላይ ከተጠመደ ፈንጂ ተርፈው ደም በነካው ካናቴራ በቴሌቪዥን ከታዩ በኋላ በኅዳር ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ዮሴሊያኒንም በዚያው ወር አሳሰሩ። ኪቶቫኒም ቀደም ብሎ በዚያው ዓመት ታስሮ ነበር። ጠመንጃ ያዦቹ ከመንገዳቸው ከተነሡ በኋላ የቀረው የእሳቸው ሥራ ነበር። በምትኩ ሹማምንት፣ ዘመዶችና ነጋዴዎች አገሪቱን ሲቃረጧት አንዱን በሌላው እያመዛዘኑ ተቀመጡ። በ1972 ሙስናን አጠፋለሁ ብለው የተነሡት ሰው መሆናቸው ነው የሚያስቆጨው።

ከጆርጂያ በጦርነት የተገነጠለችውን የአብካዚያን ነገር ግን በእሳቸው ላይ ብቻ መጫን ተገቢ አይደለም። በመስከረም 1993 የአብካዚያ ዋና ከተማ ሱኩሚ በመድፍ ስትደበደብ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ነበሩ፤ ከተማዋ ስትወድቅ ነው የወጡት። ከዚያም ከድጡ ወደ ማጡ ሆነና በምዕራብ በኩል የተነሣውን ዐመፅ ለመግታት የሩሲያን እርዳታ ጠይቀው ጆርጂያን የቀድሞ የሶቪየት ሪፐብሊኮች ወዳቋቋሙት የነጻ መንግሥታት ኅብረት አስገቡ። ከሁለት መቶ ሺሕ የማያንስ ጆርጂያዊ ከአብካዚያ ተፈናቀለ። ቲብሊሲ መሃል የቆመው ኢቬሪያ ሆቴል የተፈናቃይ መኖሪያ ሆኖ በረንዳዎቹ በጣውላና በላስቲክ ተሸፍነው፣ ልብስ ተሰጥቶባቸው ለዓመታት ኖሩ። በየክረምቱ መብራት የሚጠፋባት ከተማ ነዋሪ ቀና ባለ ቁጥር የሚያየው ይህንን ሕንፃ ነበር። በርሊን ያለው ሰው ይህን አላየም፤ የስሙ መለያየት ከዚህ የመጣ ነው።

ከ«የራዲዮ ልጅ»

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ የአዘርባጃኑ ሄይደር አሊዬቭም እንዲሁ አንደኛ ጸሐፊና የሶቪየት ኮሙኒስት ፓርቲ የበላይ አካል የሆነው የፖሊትቢሮ አባል ነበሩ፤ ኋላም ፕሬዚዳንት ሆነዋል። የእሳቸው ፍጻሜ ለምን ተለየ?

መልስ፣ ከ«ጡረተኛው መምህር»

«ጥቁር ባሕር» ያሉት ስለ 1995 ልክ ነው፤ ተቀብያለሁ።

አሊዬቭ ሥልጣኑን ለልጃቸው አውርሰው በዚያው በ2003 አረፉ። ነዳጅ ነበራቸው፤ ተቃዋሚ እንዲያብብም አልፈቀዱም። ሼቫርድናድዜ በተቃራኒው ጋዜጣውንና ቴሌቪዥኑን በአብዛኛው ለቀቅ አድርገው ያዙ፤ ወጣቶችንም ወደ ሥልጣን አቀረቡ። ዙራብ ዥቫኒያ የፓርላማ አፈ ጉባኤ፣ ሚኬይል ሳካሽቪሊ የፍትሕ ሚኒስትር የሆኑት በእሳቸው ጊዜ ነው። የጣሏቸውም እነዚሁ ያሳደጓቸው ልጆች ናቸው።

የኅዳር 2 ቀን 2003 ምርጫ በማጭበርበር ተከሰሰ። ኅዳር 22 ቀን አዲሱን ፓርላማ በንግግር እየከፈቱ ሳለ ሳካሽቪሊና ደጋፊዎቹ ጽጌረዳ ይዘው ገቡ፤ ጠባቂዎቹ ሽማግሌውን አጣድፈው በጓሮ በር አወጧቸው። ሻያቸው ግን መናገሪያው ላይ ቀርቶ ነበርና ሳካሽቪሊ አንሥቶ ጠጣው። በማግስቱ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ጦሩን ሊያዝዙ ይችሉ ነበር፤ አላዘዙም። የ1978ቱን ሰልፍ ያነሣሁትም ለዚህ ነው።

ጀርመን ጥገኝነት ልስጥዎ ብላቸው ነበር፤ በ1998 ከሮኬት ጥቃት ያተረፈቻቸው ጥይት የማይበሳት መኪናም የጀርመን መንግሥት ስጦታ ነበረች። እሳቸው ግን አመስግነው ቲብሊሲ ውስጥ ክርትሳኒሲ በሚባለው ሰፈር ቀሩ። ባለቤታቸው ናኑሊ በ2004 ሲሞቱ እዚያው ግቢ ቀበሯቸው፤ እሳቸውም ሐምሌ 7 ቀን 2014 በ86 ዓመታቸው ሲያርፉ ከጎናቸው ተቀበሩ።