ከፈረንጆች ገና እስከ ቃና ዘገሊላ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ምን ይታይ፣ የት ይደመጥ?

ጠያቂ፦ ከታኅሣሥ 16 እስከ ጥር 12 ከዋሽንግተን የሚመጡ እንግዶች አሉ። ደረጃ የሚከብዳቸው አንዲት እናት፣ ሁለት ወጣቶችና አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ናቸው። ቴአትር፣ ፊልም፣ ኮንሰርት ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ማሳየት ይቻላል? ገንዘቡስ የቱ ላይ ቢወጣ ይሻላል?

የቴአትር ደንበኛ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቀኑን ደልድዪ። ጾመ ነቢያት እስከ ገና ዋዜማ ስለሚቆይ፣ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ዋዜማን (ታኅሣሥ 22) ትተሽ፣ የአገር ውስጡ ትልልቅ ዝግጅት ወደ ገናና ከዚያ በኋላ ነው የሚከማቸው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለቴአትርና ለሲኒማ አድርጊያቸው። ሰልፉም ይቀላል።

ከሁሉም ብሔራዊ ቴአትርን አስቀድሚ። በ1948 የተከፈተ አዳራሽ ነው፤ ሕንፃውም ሆነ ደጁ ላይ ያለው የአንበሳ ሐውልት ለእንግዳ በራሱ የሚታይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ቀኑን ነው። እኛ ዘንድ አንድ ቴአትር በየሳምንቱ በተመደበለት ቀን ብቻ ነው የሚታየው፤ የእሁዱን ፈልገሽ ሐሙስ ብትሄጂ መድረኩ ላይ ሌላ ቴአትር ታገኛለሽ። ርዕሱን ይዘሽ ሳይሆን ርዕሱንና ቀኑን ይዘሽ ሂጂ። በበዓሉ ሰሞን ደግሞ መደበኛው ተነሥቶ ሙዚቃ፣ ውዝዋዜና ቀልድ የተቀላቀለበት የበዓል ዝግጅት ሊገባ ስለሚችል ቀደም ብሎ ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ መጠየቅ ነው።

ወንበር ላይ አትቸኩዪ። የፊቱ ሁለት ሦስት ረድፍ ክብር ይመስላል እንጂ አንገት ቀና ተደርጎ ሁለት ሰዓት ይታያል፣ የተዋንያኑ እግርም ይሰወራል። ፎቁ ላይ ድምፁ ይደርሳል፣ ፊታቸው ግን አይነበብም፤ ለእናትም ደረጃ አለው። ታች፣ መካከለኛው ረድፍ፣ መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ያዙላቸው።

ሌላ ሰው፦ ሀገር ፍቅር ቴአትርን እንዴት ዘለልሽው? በ1927 የተመሠረተ የሁሉ ታላቅ ነው። ማሲንቆና ክራር በቅርብ መስማት ለሚፈልግ እንግዳ የሀገር ፍቅር የባህል ሙዚቃ ይሻለዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቴአትር ቤቱ ያለበት ፒያሳ ከ2016 ወዲህ መንገዱም የታክሲ መውረጃውም ተቀያይሯል። የድሮውን ምልክት ይዛችሁ አትውጡ፤ ግማሽ ሰዓት ትርፍ ጊዜ ያዙ። ቴአትር አርፍዶ የሚገባን ሰው አይጠብቅም፣ ጨለማ ውስጥ ወንበር ፍለጋውም ለእናት አይመችም።

የፊልም ሰው፦ ስለ ሲኒማ አጭር ነው የምለው። ቦሌ መንገድ ያለው ዓለም ሲኒማ ለቤተሰብ ይመቻል። አማርኛ ፊልም ከሆነ የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ የሚጀምረውን ምረጡ። የምረቃ ዕለት ግን አትሂዱ። ቀይ ምንጣፉ፣ ፎቶው፣ ንግግሩ አልቆ ፊልሙ እስኪጀምር ልጅ ይተኛል።

የድምፅ ሰው፦ ኮንሰርት ላይ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ቪአይፒ በሚለው ቃል ነው። ቪአይፒ ብዙ ጊዜ ወደ መድረኩ ቅርብ ማለት ነው፤ ቅርብ ማለት ደግሞ ሞንታርቦው (ትልቁ ድምፅ ማጉያ) ሥር ማለት ሊሆን ይችላል። እዚያ ባሱ ደረት ይመታል፣ ግጥሙ አይሰማም። ጥሩ ድምፅ ያለው ሚክሰሩ (ባለሙያው ድምፁን የሚያስተካክልበት መሣሪያ) ከቆመበት ፊት ለፊት ነው፤ ባለሙያው የሚያስተካክለው እሱ የቆመበት ቦታ ላይ በሚሰማው ልክ ነውና። ሚሌኒየም አዳራሽን የመሰለ ሰፊ ቦታ ላይ ይህ ልዩነት ይብሳል። ከኋላ ርቆ የቆመ ሰው ከሞንታርቦው የሚመጣው ቃል ከየግድግዳው ከሚመለሰው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎበት አይጠራለትም።

ከአዳራሽ ውጭ፣ ክፍት ግቢ ውስጥ ሲሆን ማስተጋባቱ የለም፣ ብርዱ ግን አለ። የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ቀልድ አይደለም፤ ለእናት ጋቢ፣ ለወጣቶቹ ጃኬት ያዙ። ጃዝ ከሆነ ፍላጎታቸው በትንሽ ክፍል ተቀምጦ መስማት ከየትኛውም ትልቅ አዳራሽ ይበልጣል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የአሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ዝግጅቶችን ተከታተሉ።

ፖስተሩ ላይ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ከተባለ በር የሚከፈትበት ነው። ቀድሞ ዲጄ፣ ከዚያ ጀማሪዎች፤ ዋናው ድምፃዊ ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት ከወጣ እድለኛ ናችሁ። ልጁን ቤት ተዉት።

ጠያቂ፦ ትኬት ከሰው እጅ መግዛት ያሰጋል?

የድምፅ ሰው፦ ያሰጋል። በስልክ የሚመጣው ትኬት ኮዱ በር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚነበበው። አንድ ሰው ያንኑ ምስል ለአምስት ሰው ቢሸጠው ቀድሞ የደረሰው ይገባል፣ አራቱ ይመለሳሉ። በቴሌብር ወይም አዘጋጁ ባሳወቀው ባንክ ግዙ፣ የክፍያውን መልእክት አታጥፉ፤ ዝግጅቱ ከተላለፈ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ትኬታችሁን ፎቶ አንስታችሁ ቲክቶክ ላይ አትለጥፉ! የቅድሚያ ሽያጭ በር ላይ ካለው ዋጋ ይቀንሳል።

መመለሻውን አስቀድማችሁ አስቡ። ኮንሰርት ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ራይድ ይጠራል፣ ዋጋው ይዘላል፣ ሹፌሩም በር ላይ አይገባም። ከመጨረሻዎቹ ሁለት ዘፈኖች በፊት ወጥታችሁ ዋናው መንገድ ላይ ጥሩ፤ ወይም ከሹፌር ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ባለ ልጅ፦ ለስምንት ዓመቱ ልጅ የገና ባዛር አለ፤ ጨዋታው፣ ሸቀጡና የመድረክ ሙዚቃው በአንድ መግቢያ ነው። የሥራ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ግቡ። የበዓሉ ዋዜማ ግፊያ ነው፤ ልጅም ቦርሳም ይጠፋል። የልጁ ኪስ ውስጥ ስልክ ቁጥር ጽፋችሁ ክተቱ።

የቴአትር ደንበኛ፦ አንድ የተረሳ ነገር፦ ጥር 10 ከሰዓት ጀምሮ ታቦታት ስለሚወጡ ወደ ስድስት ኪሎና ጃንሜዳ የሚወስዱት መንገዶች ይዘጋሉ። እስከ 12 ድረስ በዚያ አቅጣጫ የአዳራሽ ትኬት አትቁረጡ። ደግሞ ምን ያስፈልጋል? ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ የየአጥቢያው ወጣት ዘፈን መንገድ ላይ በነጻ አለ። ለእናት ግን ታቦቱ የሚያልፍበት ጎዳና ዳር፣ ጥላ ያለበት ቦታ፣ ተጣጣፊ ወንበር ይዛችሁ ቀድማችሁ ድረሱ። መንገዱ ከተዘጋ በኋላ መኪና አያስጠጋም።