የ1930ዎቹ «ሬጅስተርድ ማግነም» ከነዝናሩ ቀርቧል፤ ማህደሩ የራሱ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ዝናር ፈላጊ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አሮጌ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨር ከማህደሩና ከዝናሩ ጋር ለሽያጭ ቀርቦልኛል፤ ከመክፈሌ በፊት የምታውቁት ምከሩኝ። ሻጩ ወራሽ ነው፣ የሚኖረው ኦክላሆማ፤ እኔ ቴክሳስ ነኝ።

ትልቁ ኤን ፍሬም (የፋብሪካው ትልቁ የሽጉጥ አካል) ነው፣ 357 ማግነም፣ አፈሙዙ 5 ኢንች፣ ብሉ (ጥቁር ሰማያዊ የብረት ቀለም)። ሲሊንደሩ ሲከፈት ዮኩ (ሲሊንደሩን የሚሸከመው ክንድ) በሚያርፍበት የፍሬሙ ክፍል ላይ «አር ኢ ጂ» የሚሉ ፊደላትና ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ተመትቷል። እጀታው ሥር ያለው ሲሪያል 52 ሺህ ቤት ነው፤ የቀረውን እዚህ አልጽፍም። ሳጥንም ሰርቲፊኬትም የለውም። ማህደሩ የኤስ ዲ ማየርስ፣ ኤል ፓሶ ማህተም አለበት። ዝናሩ ላይ 12 ጥይት ተሰክቶ ቀርቷል፣ በየቀለሁ ዙሪያ ደግሞ አረንጓዴ ሰም የመሰለ ነገር ወጥቷል። ቆዳው ደርቋል።

ሻጩ «ማህደሩና ዝናሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብረውት የነበሩ ናቸው» ብሎ ጠቅላላውን እንደ አንድ ስብስብ ዋጋ ጠርቶበታል። ሽጉጡ እውነተኛ ሬጅስተርድ ነው ወይ? የማህደሩስ ነገር እንዴት ይረጋገጣል? ቆዳውን ዘይት ብቀባው ምን ይላችኋል? ዝውውሩንም የሚያውቅ ካለ ቢነግረኝ።

ባለ አምስት ብሎን

በገለጽከው መሠረት ሽጉጡ ተስፋ ሰጪ ነው። ከማህደሩ በፊት ግን ራሱን ሽጉጡን እንጨርስ።

ሬጅስተርድ ማግነም በ1935 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) የወጣ ነው። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ገዢ በትእዛዝ ሠርቶ፣ የምዝገባ ቁጥር መትቶበት ነበር የሚያወጣው፤ አፈሙዙን ከ3 ተኩል እስከ 8 ከሦስት አራተኛ ኢንች በሩብ ኢንች ልዩነት፣ ማነጣጠሪያውን፣ እጀታውን፣ ቀለሙን፣ በየትኛው ጥይትና በስንት ርቀት ተስተካክሎ እንደሚወጣ ሳይቀር ገዢው ይመርጣል። ዋጋው 60 ዶላር ነበር፣ በድቀቱ ዘመን ቀላል ገንዘብ አይደለም። የመጀመሪያው የተሰጠው ለኤፍ ቢ አይ ኃላፊ ለጄ ኤድጋር ሁቨር ነው። ምዝገባው በአሥርቱ ዓመት መጨረሻ እስኪቀር ድረስ 5,500 ገደማ ተሠርቷል። ከዚያ በኋላ ያለምዝገባ ቁጥር የወጡ ጥቂት አሉ፤ ፍተሻ የሚያስፈልገውም በእነሱ የተነሣ ነው። ያልተመዘገበ ሽጉጥ ላይ ፊደልና ቁጥር መምታት ለክፉ ሰው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ሰርቲፊኬት አለመኖሩ አያስደንግጥህ። ገዢው የምዝገባ ወረቀቱን ሞልቶ ወደ ፋብሪካ ሲመልስ ነበር ሰርቲፊኬቱ የሚላክለት፤ ያልመለሱ ብዙ ናቸው።

ሻጩ እንዲህ አድርጎ ፎቶ ያንሳልህ። መጀመሪያ ሲሊንደሩን ከፍቶ ስድስቱም ጎሬ ባዶ መሆኑን በዓይኑም በጣቱም ያረጋግጥ። ከዚያ ሲሪያሉን በየቦታው ይፈልግ፦ እጀታው ሥር፣ የሲሊንደሩ የኋላ ፊት ላይ፣ አፈሙዙ ሥር የቀለህ ማውጫው ዘንግ በሚያርፍበት ጎድጓዳ ውስጥ፣ እና ከቀኙ የእንጨት እጀታ በስተውስጥ። የመጨረሻው ተመትቶ ወይም በእርሳስ ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል ማንም በጨርቅ እንዳይጠርገው። አራቱም ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ከሲሪያሉ በፊት «ኤስ» የሚል ፊደል ካለ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው፣ እዚያው ላይ ይቆም።

እጀታውን ለማውጣት በካቻቪቴ መፈልቀቅ የለም፤ ጫፉ ይሰነጠቃል። ብሎኑን ሁለት ሦስት ዙር አላልቶ ራሱን በካቻቪቴው እጀታ ቀስ ብሎ መታ ሲያደርገው ተቃራኒው እንጨት ተገፍቶ ይወጣል። የካቻቪቴው አፍ ጎንና ጎኑ ትይዩ ሆኖ የብሎኑን ስንጥቅ ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ይሁን። የቤት ካቻቪቴ አፉ እንደ ሽብልቅ ስለሆነ ተንሸራቶ የብሎኑን ጠርዝ ይበላል፤ የተበላ ብሎን ደግሞ በዚህ ደረጃ ባለ ዕቃ ላይ ገንዘብ ነው።

አፈሙዙን በራስህ መንገድ አትለካ። ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ሲሊንደሩ ተዘግቶ ከአፈሙዙ ጫፍ እስከ ሲሊንደሩ የፊት ገጽ ድረስ በውጭ በኩል በማስመሪያ ይለካል፣ ያ ነው ርዝመቱ። የተቆረጠ አፈሙዝ ካለ እዚህ ላይ ከፋብሪካው መዝገብ ጋር አይገጥምም።

መዝገቡን በተመለከተ፣ ለስሚዝ ኤንድ ዌሰን ታሪክ ፋውንዴሽን ማመልከቻ ሞልተህ ደብዳቤ ጠይቅ። እነዚህ ሽጉጦች አንድ በአንድ በትእዛዝ ስለተሠሩ ደብዳቤው ከሌሎች ሞዴሎች የበለጠ ይናገራል፦ መቼና ለማን እንደተላከ፣ የአፈሙዝ ርዝመት፣ ማነጣጠሪያው፣ የምዝገባ ቁጥሩ። ካንሳስ ሲቲና ሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊሶች በርከት አድርገው ስለገዙ የተላከለት ስም የመሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልብ በል፤ ደብዳቤው ስለ ማህደሩ ቃል አይተነፍስም። ፋብሪካው ሽጉጡን በሳጥን ነው የላከው፣ ማህደርና ዝናር ገዢው በራሱ ያሠራው ነው። ስለዚህ «ኦሪጂናል» ሲባል የመጀመሪያው ባለቤት ዕቃ ማለት ነው፣ ይህ ደግሞ ለብቻው ይረጋገጣል።

የሁለት ነገር ፎቶ ጨምርልን፦ የመዶሻውና የቃታው ቀለም፣ እና እጀታው ሥር ከሲሪያሉ አጠገብ ምልክት መኖር አለመኖሩ።

ቆዳና መርፌ

ዘይት አትቀባ! ኒትስፉትም ይሁን የፈረስ ኮርቻ ቅባት፣ አንዱንም። ዘይቱ ቆዳውን ያጠቁራል፣ ክሩን ያበሰብሳል፣ ማህተሙን ይውጣል፣ ከሁሉ በላይ ያንን አረንጓዴ ነገር ይመግበዋል። አረንጓዴው የሚመጣው እኮ ከዚያው ነው፤ በናሱ ውስጥ ያለው መዳብ ቆዳው ከጠጣው ቅባት አሲድ ጋር ሲገናኝ ሰም የመሰለ ጨው ይሆናል። ናሱ እስካለና ቅባት እስከተጨመረ ድረስ አያቆምም።

ስለዚህ ጥይቶቹ ይውጡ። ከማውጣትህ በፊት ዝናሩን ከፊትና ከኋላ ፎቶ አንሳ፣ የእያንዳንዱን ቀለህ የኋላ ጽሑፍ ከነተራው መዝግብ፤ የጥይቱ ዘመን ስለ ዝናሩ ዘመን ፍንጭ ይሰጣል። የተጣበቀውን በፒንሳ አትጠምዝዝ፣ ከኋላ በኩልም በምንም ነገር አትምታ፤ ያረጀ ቢሆንም ያልተተኮሰ ጥይት ነው። ቀጭን የፕላስቲክ ልጣጭ በቀለሁና በቆዳው መካከል ዙሪያውን አስገብተህ አላላ፣ ከዚያ ከእርሳሱ ጫፍ በአውራ ጣት ወደ ላይ ግፋ። ስፌቱ መሳብ ከጀመረ ተወው፣ በማግሥቱ ትመለስበታለህ። አረንጓዴውን በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨትና በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ልጠው፤ ኮምጣጤ፣ ሎሚ፣ የብረት ብሩሽ አይሞከርም። ጓንትና ጭምብል አድርግ፣ ብናኙ ለሳንባ አይሆንም።

ቆዳውን በጣትህ ስትነካው ቀይ ዱቄት ከለቀቀ ድርቀት ብቻ አይደለም፣ ቀይ ብስባሴ የሚሉት ነው። ያ በቅባት አይድንም። ክሉሴል ጂ የሚባለውን ዱቄት በአልኮል 2 በመቶ ያህል በጥብጠህ በለስላሳ ብሩሽ በስሱ ትቀባዋለህ፤ ከቆዳው የሚለቀውን ዱቄት ያስይዘዋል። መጀመሪያ ከማይታይ ቦታ ሞክር፣ አንዳንዱ ቆዳ ይጠቁራል። ዱቄት ካልለቀቀ ግን ምንም አትቀባ፤ በብሩሽ አቧራውን አራግፈህ ውስጡን አሲድ በሌለው ሳሳ ያለ ወረቀት ሙላውና ቅርጹን ይያዝ። እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ ባለ ክፍል ይበቃዋል።

ሽጉጡን ማህደሩ ውስጥ አስገብቶ ማስቀመጥ የለም። ቆዳው እርጥበትና የመለፊያ አሲድ ይይዛል፣ በአንድ ክረምት ብረቱ ላይ የዝገት ነጠብጣብ ያወጣል። ለእይታ ጎን ለጎን ይደርደሩ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ማየርስ ያን ጊዜ የታወቀ ኮርቻ ሠሪ ነበር፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካዊ አዛዥ የጄኔራል ፓተን 3 ተኩል ኢንች ሬጅስተርድ ማግነም ማህደርም የእሱ ሥራ ነው። ማህተሙ ታዲያ የሠሪውን ማንነት እንጂ በውስጡ የተቀመጠውን ሽጉጥ አይነግርህም። በማህተሙ ላይ የፖስታ ዚፕ ቁጥር ካለ ከ1963 በኋላ ነው፣ ክርክሩ እዚያ ያበቃል።

ማህደሩ ምን ሽጉጥ ሲሸከም እንደኖረ የሚናገረው ውስጡ ነው። ሽጉጡን አታስገባ፤ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል፣ አዲስ ጫናም አሮጌውን አሻራ ያጠፋዋል። ይልቅ ሽጉጡን ካርቶን ላይ አስተኝተህ ዙሪያውን በእርሳስ ንደፍ፣ ቁረጠውና በማህደሩ ላይ አስተኛው። ሦስት ነገር ተመልከት፦ የሲሊንደሩ እብጠት በቆዳው ላይ ከታየው እብጠት ጋር መግጠሙን፣ የአፈሙዙ ጫፍ ቆዳው በተወለወለበትና በጠቆረበት መስመር ላይ ማረፉን፣ የፊት ማነጣጠሪያው የቆፈረው ቦይ (በትንሽ ባትሪ አብርተህ ታየዋለህ) የት ድረስ እንደሚሄድ። የ6 ተኩል ኢንች ሽጉጥ የኖረበት ማህደር ከሆነ ቦዩ ከ5 ኢንቹ አልፎ ይወርዳል። ዝናሩ ላይ ያሉት ጎሬዎች መጠን ማስረጃ አይሆንም፣ ለ38 ስፔሻልም ይሆናሉና።

ዝናር ፈላጊ

እግዜር ይስጥልኝ። ሻጩ ፎቶ ላከ። አራቱም ቁጥሮች አንድ ናቸው። መዶሻውና ቃታው ዥንጉርጉር ናቸው፣ ቡናማና ሰማያዊ የተደባለቀ። ሥሩ ላይ ከሲሪያሉ አጠገብ ትንሽ ኮከብ አለ። የአፈሙዙ ጫፍና የሲሊንደሩ ጠርዝ ምንም አልተፋቀም፣ ማህደር ያየ አይመስልም። ይህ ማህደሩን ከጨዋታ ውጪ ያደርገዋል?

ባለ አምስት ብሎን

አያደርገውም። ኮከቡ ሽጉጡ ወደ ፋብሪካ ተመልሶ እንደተሠራ የሚጠቁም ምልክት ነው። በግራ በኩል እጀታው ወጥቶ ሲታይ ፍሬሙ ላይ የወርና የዓመት ቁጥር ተመትቶ ይገኝ ይሆናል፤ የተመለሰበት ጊዜ እሱ ነው። ዥንጉርጉሩ መዶሻ ደስ ይላል፣ ቀለም በሰፈር ጋራዥ የሚቀባ ሰው ብዙ ጊዜ መዶሻውንም አብሮ ይነክረዋል። የጎን ክዳኑ መገጣጠሚያ ለዓይን እስኪጠፋ የተጣበቀ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ጠርዝ ያልጎደጎደ፣ በአፈሙዙ ጣራ ላይ ያለው ደቃቅ ጥልፍ ስለት ያለው ከሆነ ሥራው የፋብሪካ ነው ብሎ መገመት ይቻላል።

ዳግም ብሉ ከተደረገ እንግዲህ የማህደር ፍቅፋቂ በብረቱ ላይ ቢኖርም ታጥቦ ሄዷል። በሽጉጡ በኩል ማስረጃ የለህም፣ የቀረህ ቆዳው ብቻ ነው። ካርቶኑ ቢገጥም እንኳ «ባለ 5 ኢንች ኤን ፍሬም ኖሮበታል» ነው የምትለው፣ «ይህ ሽጉጥ ኖሮበታል» ለማለት ወረቀት ወይም ስም ያስፈልጋል። ዝናሩን ገልብጠህ ከዘለበቱ ጀርባ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የተጻፈ ነገር ፈልግ፤ ሰዎች እዚያ ነው የሚጽፉት። ያ ስም በፋብሪካው ደብዳቤ ላይ ከወጣ ስብስቡ ተገናኘ። ሻጩ ዘንድ የአያቱ የደንብ ልብስ ፎቶ ካለም ጠይቀው፤ የማህደሩ ስፌትና የዘለበቱ ቅርጽ በፎቶ ይለያል። እስከዚያው የምትከፍለው ወደ ፋብሪካ ተመልሶ ለተሠራ ሬጅስተርድ ማግነምና ለአንድ ጥሩ የማየርስ ማህደር ለየብቻ እንጂ ለስብስብ አይደለም።

ወረቀት ይቅደም

ዝውውሩን በአጭሩ። ሁለታችሁ በተለያየ ክፍለ ግዛት ስላላችሁ እጅ በእጅ መቀበል አይቻልም፤ ሽጉጡ ቴክሳስ ወዳለ የፌደራል ፈቃድ ያለው ነጋዴ ይላካል፣ አንተ እዚያ ፎርም 4473 (የፌደራሉን የጦር መሣሪያ ገዢ ቅጽ) ሞልተህ ትወስዳለህ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፣ ካርዱ ላይ ያለውን የመለያ ቁጥር ይጽፋል። በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጠባብ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር አይፈቀድለትም፣ ለወዳጅ ብሎ በስሙ መግዛትም ወንጀል ነው። ሽጉጡ ከ50 ዓመት በላይ ስለሆነው በሰብሳቢ ፈቃድ (ለሦስት ዓመት 30 ዶላር) በቀጥታ ቤትህ ድረስ ማስመጣት ይቻላል፤ አንድ ብቻ ከሆነ የምትገዛው ግን በነጋዴው በኩል ይቀላል።

ማህደሩና ባዶው ዝናር በማንኛውም ፖስታ ይሄዳሉ። ባዶው ነው ያልኩት፤ ጥይት በፖስታ ቤት አይላክም፣ ስለዚህ ሻጩ ጥይቶቹን አውጥቶ እዚያው ያስቀራቸው። እሱ እንዳይጎትታቸው ከፈራህ ከላይ የተጻፈውን አሠራር ላክለት፣ ወይም ራስህ ኦክላሆማ ሄደህ አውጣ። «አገር ቤት ለአባቴ ስጦታ» የሚል ሐሳብ ለሚያድርባቸው ደግሞ፦ ከአሜሪካ ለማውጣት ፈቃድ፣ በኢትዮጵያ በኩል አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

ቆዳና መርፌ

ሻጩ ከመላኩ በፊት ማህደሩን «እንዲያምር» እንዳይወለውለው ዛሬውኑ ደውልለት። በፕላስቲክ ከረጢትም አይጠቅልለው፣ መንገድ ላይ ይሻግታል፤ በወረቀት ጠቅልሎ፣ ሳያጥፍ፣ በሰፊ ካርቶን።