ቬፕ የምትስቡ ልጆች፣ የእናንተ ሐራራ ስንት ደቂቃ ይታገሣል?

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከልቤ ነው የምጠይቀው፣ "ተወው በቃ" ብላችሁ እንዳታልፉኝ።

8 ዓመት ሲጋራ አጭሻለሁ። መጨረሻ ላይ በቀን አንድ ፓኮ እጨርስ ነበር። ከዓመት ተኩል በፊት የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ይዞልኝ መጣ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲጋራውን ተውኩት። ሳሉ ለቀቀኝ፣ ደረጃ ስወጣ ማለክለክ ቀረ። እናቴ ሸሚዜን ልታጥብ አንስታ አሸተተችውና ምንም ሳትል ፈገግ አለች። ያንን ቀን አልረሳውም።

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ስለ ቬፕ ሐራራ የተጻፉ ጥናቶችን ላከልኝ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። 60 ወጣት አጫሾችን ከሌላ ሰው ጋር ያስቀምጧቸዋል። ሰውየው ከአጥኚዎቹ ወገን ነው፣ እነሱ ግን እንደነሱ ሊጠና የመጣ ነው የሚመስላቸው። መጀመሪያ የታሸገ ውኃ ይጠጣል። ቀጥሎ ከፊሎቹ ፊት ሲጋራ ይለኩሳል፣ ከፊሎቹ ፊት ቬፕ ያወጣል። ቬፕ ሲሳብ ያዩትም ሲጋራ አማራቸው፣ ልክ ሲጋራ ሲጨስ እንዳዩት።

መጀመሪያ በጣም ነው የተናደድኩት። እኔ ከሲጋራ የወጣሁበትን ነገር ወደ ሲጋራ የሚመልስ አድርገው ሲያወሩ ደሜ ፈላ። ሐራራ ምን እንደሆነ ያልቀመሰ ሰው ነው የሚጽፈው አልኩ።

ግን ያለፈው ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ እየሄድኩ ሐረጎ ላይ አንድ ከባድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱ ተዘጋ። ቬፔ ቻርጅ ጨርሷል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መዳፌ ላበኝ። ከኋላ ሕፃን ሲያለቅስ ጥርሴን ነከስኩ። በየሁለት ደቂቃው እጄ ኪሴ ይገባና ያንን የሞተ ነገር ዳስሶ ይመለሳል። ሲጋራ በማጨስበት ጊዜ እኮ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ለኩሼ ከተሳፈርኩ ፒያሳ እስክደርስ ትዝም አይለኝም ነበር! መናኸሪያ እንደወረድኩ ከጀብሎ አንድ ፍሬ ገዛሁ። ከዓመት ተኩል በኋላ። ሁለቴ ስቤ ጣልኩት፣ ግን ስቤዋለሁ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። የቬፕ ሐራራ ከሲጋራው የባሰ ሆኖ ያገኛችሁት አላችሁ? ደግሞስ እነዚህ ጥናቶች የሚያወሩት ስለ እኛ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው?


ጦሳ ስር (ደሴ)

ወንድሜ እኔ እንዳንተ ቶሎ እጅ አልሰጥም። ስለ ቬፕ መጥፎ ነገር የሚል ጥናት ሲወጣ ሁሉም ይቀባበለዋል፣ ጥሩ የሚለውን ግን ማንም አይልክልህም። እ.ኤ.አ. በ2019 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣውን የፒተር ሃዬክን ጥናት ፈልገህ አንብብ። እንግሊዝ አገር 886 ማቆም የፈለጉ አጫሾችን ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሹ ቬፕ፣ ግማሹ የኒኮቲን ፕላስተር ወይም ማስቲካ ወይም የመሳሰለውን ወሰደ። ከዓመት በኋላ በቬፕ ከነበሩት 18 በመቶው ሲጋራ የለም፣ በሌላው በኩል 9.9 በመቶው ብቻ። እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው?

ደግሞ የቺካጎው 60 ሰዎች በጊዜው አጫሾች ነበሩ። አጫሽ ፊት ምንም ብታጨስ ያምረዋል፣ ይህ ማንም የሚያውቀው ነው። እኛ እኮ ትተናል። እኔ በዚህ በደሴ ብርድ፣ ጠዋት ጭጋጉ ጦሳን ሸፍኖት ሲውል፣ ድሮ ሁለት ሲጋራ ሳልስብ ከቤት አልወጣም ነበር። አሁን ሦስት ዓመቴ ነው አንድም አልነካሁም። ሐራራው ሲመጣ አንድ ሁለቴ እስባለሁ፣ ያልፋል። ሐረጎ ላይ የሆንከው ቻርጅ ስላለቀ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።


ነጭ ጋወን (ደሴ፣ መድኃኒት ቤት የምሠራ)

ጦሳ ስር፣ የጠቀስከው ጥናት እውነት ነው፣ ግን ግማሹን ነው የነገርከን። እዚያው ጥናት ላይ፣ ከዓመት በኋላ ሲጋራ ካቆሙት ውስጥ በቬፕ በኩል 80 በመቶው አሁንም ቬፕ ላይ ነበሩ። በፕላስተርና በማስቲካው በኩል ግን አሁንም ያንን ሲጠቀሙ የተገኙት 9 በመቶ ናቸው። ሁለቱም ቡድኖች ቢያንስ ለ4 ሳምንት በየሳምንቱ የሚያማክራቸው ሰው ነበራቸው። እኛ ጋ ያ የለም። አንተ ከዱባይ የመጣ ዕቃ ብቻ ነው ያለህ።

ቦርከና ዳር፣ ጥያቄህ ልክ ነው። አብሽር፣ አላበድክም። ኒኮቲን ስትስበው በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፣ ከደም ውስጥ ደግሞ በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሲጋራ አንድ ፍሬ ነው፣ ያልቃል። ቂጡ ጣትህን ሲያሞቅህ ትጥለዋለህ። ሌላ ለመለኮስ መውጣት አለ፣ ክብሪት መፈለግ አለ፣ ሰው ማየት አለ። ቬፕ ግን "አለቀ" የሚልህ የለም። አንዴ ስበህ ኪስህ ትከተዋለህ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ትደግማለህ። ቀኑን ሙሉ ኒኮቲኑ ከፍ እንዳለ ይውላል። አንጎልህ ዝቅ ማለትን ስለማያውቀው ግማሽ ሰዓት ሲቆም ይጮኻል። የቅዳሜው እሱ ይመስለኛል።

ሌላም አለ። የአሁኖቹ ቬፖች ብዙዎቹ የኒኮቲን ጨው የሚባለውን ነው የሚይዙት። ኒኮቲኑ ላይ እንደ ቤንዞይክ አሲድ ያለ አሲድ ይጨመርበታል፣ ስለዚህ ጉሮሮ አይቧጥጥም። ድሮ ብዙ ኒኮቲን ስትስብ ጉሮሮህ ራሱ ይከለክልህ ነበር። አሁን ያ ከልካይ የለም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ደንግገዋል። አሜሪካ ግን ጁል የሚባለው ቬፕ 59 የሚያህል ይዞ ይሸጥ ነበር። አንተ የምትስበው ላይ ስንት ይላል?

ደግሞ የሚለውን ማመን ራሱ አንድ ችግር ነው። አገራችን ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማስገባትም መሸጥም ክልክል ነው። ስለዚህ የሚገባው ሁሉ በሻንጣ ነው፣ ማንም አይመረምረውም። ከ20 ወደ 10 ልውረድ ብትል እንኳ የጻፉት ቁጥር እውነት ይሁን አይሁን የምታውቅበት መንገድ የለህም። ይህ እኔን በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም ቀስ ብሎ መቀነስ ለሚፈልግ ሰው ቁጥሩ ነበር ዋናው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። "እንግዲያው ሲጋራ ይሻለኛል" ብለህ እንዳትመለስ። ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚመጣው ከሚቃጠለው ነው። ሳልህ የለቀቀህ ለዚህ ነው።


የድሮ አጫሽ (ሸዋ በር)

ልጆቼ፣ እኔ ቬፕ የሚባለውን ስቤ አላውቅም። ሲጋራ ግን 22 ዓመት አጭሻለሁ፣ ካቆምኩ 9 ዓመቴ ነው። ስለ ሐራራ ከሆነ ትንሽ ልናገር።

ሐራራ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የደም ነው። እሱ ሁለተኛና ሦስተኛ ቀን ላይ ይብሳል፣ አናት ይወጥራል፣ ከሰው ያጣላል፣ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ሌላው የቦታ ነው። እሱ አይቸኩልም፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ላሳያችሁ። ከሰዓት በርጫ ቤት እንገባለን። ዱዓ ይደረጋል። ጫቱ ከኮባው ይፈታል፣ ለውዙ በሳህን ይቀርባል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ቡናው አቦል ላይ ነው። እስኪመረቅን ድረስ ሲጋራ ትዝ አይልም። ከዚያ ጥግ ያለው ሰው ክብሪት ይጭራል። ያቺ "ጭር" የምትል ድምፅ! አያያዙን ሳላይ፣ ጭሱ ሳይደርሰኝ፣ ቀኝ እጄ ወደ ደረት ኪሴ ይሄዳል። ባቆምኩ በአራተኛው ዓመት እንኳ ሄዷል። ኪሱ ውስጥ ግን ስልክ ነው ያለው።

ስለዚህ ልጄ ጦሳ ስር፣ እኛ ትተናል ያልከው ለእኔ አልሠራም። ቺካጎዎቹ ያዩት ነገር በርጫ ቤት ውስጥ በየቀኑ የምናየው ነው። እነሱ ሰው ፊት ቬፕ አወጡ፣ እኛ ፊት ክብሪት ተጫረ። እንዲያውም ጥናቱ ጫቱንና ቡናውን አላየም። እዚህ መጥተው ቢያጠኑ ምን ሊያገኙ እንደሚችሉ አስቡት። በእኛ አገር ሲጋራ ብቻውን የሚጨስ ነገር አይደለም፣ ከሌላ ነገር ጋር ተሰፍቶ ነው ያለው።

እኔን ያዳነኝ ሦስት ወር በርጫ መቅረቴ ነው። ስመለስም የድሮ ቦታዬ ላይ አልተቀመጥኩም፣ ግድግዳ ቀየርኩ። ቀኝ እጄ ውስጥ ተስቢህ ያዝኩ። እጁ ሥራ ካለው ኪስ አይገባም።


ስሜ ይቆይ

እኔ ሴት ነኝ፣ ደሴ ነው የምኖረው፣ ቤተሰቤ አያውቅም። መጻፌ ራሱ ከብዶኛል።

እናንተ ስለ ሽታ ስታወሩ ደስታ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። ለእኔ ግን የታሰርኩት በእሱ ነው። ሲጋራ ቢሆን ኖሮ ይሸታል፣ ስለዚህ የት አጨሳለሁ? የትም። በሳምንት አንድ ቀን ከጓደኛዬ ቤት፣ ያውም ልብስ ቀይሬ። ቬፕ ስለማይሸት ግን ሁሉም ቦታ ሆነ። ሽንት ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ግቢ ውስጥ። ከእህቴ ጋር አንድ አልጋ ነው የምንተኛው። ጫፉ ላይ ሰማያዊ መብራት አለው፣ ሌሊት ሲበራ እንዳታየው በመዳፌ ሸፍኜ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ እስባለሁ፣ ጭሱንም ትራሱ ላይ ቀስ ብዬ እተፋዋለሁ። ማንጎ ነው ጣዕሙ። ጠዋት ትራሴ ማንጎ ማንጎ ይላል፣ ቅባት ነው እላታለሁ።

የቬፕ ሱስ የሚለካ አንድ መጠይቅ አለ፣ የፔን ስቴት የሚሉት፣ 10 ጥያቄ ነው። አንዱ "ሌሊት ለመሳብ ትነቃለህ?" ይላል። እሱን ሳነብ አለቀስኩ። ሌላ ሰውም እንደዚህ ይሆናል ማለት ነው፣ ካልሆነ አይጠይቁም ነበር። ጥናት እንደዚህ ሲያገኘኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ነጭ ጋወን፣ እህቴ ልበልሽ፣ የሚረዳ ነገር አለ ወይ? ለማንም ሳልናገር።


ነጭ ጋወን

እህቴ፣ መጻፍሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ለማንም ሳትናገሪ ላልሽው፣ ቢያንስ ለአንድ የጤና ባለሙያ ንገሪ። የታካሚን ሚስጥር መጠበቅ ግዴታችን ነው።

አዎ፣ የሚረዳ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 24 የሆኑ ቬፕ ሳቢዎችን በስልክ መልእክት ብቻ የደገፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቷል። ከ7 ወር በኋላ መልእክቱ ከሚደርሳቸው 24.1 በመቶው አቁመው ተገኙ፣ ከማይደርሳቸው 18.6 በመቶው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ግን መልእክት ብቻ ነው እኮ፣ ፊትሽን የሚያይ ሰው የለም። ለአንቺ ዓይነት ሰው ይህ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ቫሬኒክሊን የሚባለውን የሲጋራ ማቆሚያ መድኃኒት ከ16 እስከ 25 ዓመት ባሉ 261 ቬፕ ሳቢዎች ላይ ሞከሩት፣ ምክርና የስልክ መልእክትም ተጨምሮበት። በሕክምናው የመጨረሻ አንድ ወር መድኃኒቱን ከወሰዱት 51 በመቶው አልሳቡም፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ግን 14 በመቶው ነው። ከሐኪም ውጭ የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም፣ እዚህ የጻፍኩት ሱሱ መፍትሔ እንዳለው እንድታውቂው ነው።

ለዛሬ ሌሊት ግን አንድ ነገር አድርጊ። ቬፑን መኝታ ቤት ይዘሽ አትግቢ። ወጥ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ተይው። ብርዱን አልፈሽ፣ በሩን ከፍተሽ መሄድ ካለብሽ አንዳንዱ ሌሊት እንቅልፉ ይበልጣል።


ጦሳ ስር

ጋሼ የድሮ አጫሽ፣ ያሉትን ሳስብ አደርኩ። እውነቱን ለመናገር በርጫ ላይ ቬፑ ከእጄ አይወርድም። አንድ ሁለቴ ስቤ ያልፋል ያልኩት የሥራ ሰዓት ላይ ነው። በርጫውን አልቆጠርኩትም ነበር። አሁንም ግን ሃዬክን አልለቅም፣ እኔን ከሲጋራ ያወጣኝ ቬፑ ነው።


ቦርከና ዳር

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። 10ሩን ጥያቄ ሞላሁት። ከ20 14 አገኘሁ፣ ከ13 ጀምሮ ከባድ ነው ይላል። መጠይቁ የወጣበት ጥናት ላይ ከሲጋራ ወደ ቬፕ የዞሩት ከ3,600 በላይ ሰዎች በአማካይ ቬፑ ላይ ያላቸው ሱስ ከድሮ ሲጋራቸው ያነሰ ነው። እኔ ላይ የበለጠ ሆኗል። ስለዚህ አማካዩን መናደድ ትቼ የራሴን መቁጠር ጀመርኩ። መጠይቁ 15 ስበት ወይም 10 ደቂቃ እንደ አንድ ጊዜ ነው የሚቆጥረው። በመጀመሪያው ቀን 31 ጊዜ መጣ። አላመንኩም፣ በነጋታው ደገምኩት፣ 33።

ዛሬ ጠዋት ደሴ ጉዳይ ነበረኝ። ቬፑን ቻርጅ አድርጌ ቦርሳው ሥር ከተትኩት፣ ቦርሳውን ረዳቱ ከኋላ ጫነው። ሐረጎ ላይ እጄ ሦስት ጊዜ ኪሴ ገባ። ሦስቱንም ጊዜ ያገኘው የእናቴን የመድኃኒት ወረቀት ነው። መዳፌ ላበኝ፣ ግን ያለፈው ቅዳሜን ያህል አይደለም። መናኸሪያ ስወርድ ያው ጀብሎ አወቀኝና አንድ ፍሬ ሊመዝልኝ ፓኮውን ከፈተ። ማስቲካ ስጠኝ አልኩት።

ትናንት 24 ነበርኩ። የዛሬውን ማታ እጽፍላችኋለሁ።