ሽንቶ ያለ መሥራችና ያለ ቅዱስ መጽሐፍ እንዴት እምነት ሆኖ ኖረ?

ጥያቄ (ከሰበታ)
ጤና ይስጥልኝ። ሰበታ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ ጃፓን ዘመናዊነት ስንማማር አንዲት ተማሪ የሽንቶ (የጃፓን ነባር እምነት) ነቢይ ማን እንደሆነና መጽሐፉ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ከክፍሉ አንዳንዶቹ ዛፍና ተራራ ማምለክ ነው ሲሉ፣ ሌሎች ከአድባር ጋር አመሳሰሉት። ጃፓናውያን በዚያ ዛፍ ፊት ሲቆሙ በእርግጥ የሚያምኑት ምንድን ነው? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ (ከለገጣፎ)
የተከበሩ መምህር፣ ሽንቶ መሥራችም ሆነ ምእመናኑ ሁሉ የሚተዳደሩበት ቅዱስ መጽሐፍ የለውም። በ712 የተጠናቀቀው ኮጂኪና በ720 የተጠናቀቀው ኒሆን ሾኪ የተባሉት ጥንታዊ የጃፓን መጻሕፍት (ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአማልክቱን ትውልድና የደሴቶቹን አፈጣጠር ይተርካሉ እንጂ ትእዛዛት አይደነግጉም። የእምነቱ ማዕከል ካሚ የሚባሉት ኃይላት ናቸው። የፀሐይዋ እመቤት አማቴራሱ ካሚ ናት፤ ተራራ፣ ፏፏቴና ያረጀ ዛፍም የካሚ ማደሪያ ሊሆኑ ይችላሉ። ለቅድስናው ምልክት ገመድ የታሰረበትን ዛፍ ስናይ ግንዱ ተመለከ ከማለት ይልቅ በውስጡ ያደረው ተከበረ ብንል ለእውነቱ እንቀርባለን።

ሰውም ካሚ ይሆናል። ለተማሪዎችዎ ይህን ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል፦ ሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ የተባለው ሊቅ በቤተ መንግሥት ሽኩቻ በጊዜው ዋና ከተማ ከነበረችው ከኪዮቶ ርቆ እንዲኖር ተደርጎ በ903 ሞተ፤ ከዚያም በዋና ከተማዋ መቅሠፍት በተከታተለ ጊዜ የእርሱ ቁጣ ነው ተብሎ ስለታመነ፣ ቁጣው እንዲበርድ መቅደስ ቆመለት። ዛሬ የትምህርት ካሚ ሆኖ፣ ፈተና የደረሰባቸው ተማሪዎች ምኞታቸውን በትንሽ ጣውላ ላይ ጽፈው በመቅደሱ ይሰቅላሉ።

መልስ (ከቡራዩ)
ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ መልካም ነው፤ ሆኖም ንጽሕና ካልተነሣ ዋናው ነገር ይቀራል ብዬ አምናለሁ። ወደ መቅደሱ የሚሄድ ሰው ቶሪ በሚባለው በር አልፎ ከውኃው ገንዳ ዘንድ ይቆማል፤ ጭልፋውን በቀኝ እጁ ይዞ ግራውን ይታጠባል፣ ከዚያም እጅ ለውጦ ቀኙን፤ በግራ መዳፉ ውኃ ተቀብሎ አፉን ከተጉመጠመጠ በኋላ፣ የተረፈው ውኃ እጀታውን እንዲያጥበው ጭልፋውን ቀና ያደርጋል። ከመቅደሱ ፊት ሲደርስ ሳንቲም ጥሎ ሁለት ጊዜ እጅ ይነሣል፣ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባል፣ ጸልዮ አንድ ጊዜ ደግሞ እጅ ይነሣል። በዚህ እምነት ርኩሰት በሰው ላይ የሚያርፍና በሥርዓት የሚነጻ ነገር ነው። ሞት ከከባዶቹ ርኩሰቶች ስለሚቆጠር ቀብር በአብዛኛው ለቡድሂዝም ይተዋል፤ ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ሕፃኑን ወደ ሽንቶ መቅደስ ወስዶ አያቱን በቡድሂስት ሥርዓት ሲቀብር ተቃርኖ አይታየውም።

የአድባሩ ንጽጽር ለመነሻ ይጠቅማል፤ የአካባቢ ጠባቂ በዛፍ ያድራል የሚለው አስተሳሰብ በሁለቱም ዘንድ አለና። ነገር ግን ሽንቶ የተደራጁ ካህናትና መቅደሶች አሉት። በኢሴ ያለው የአማቴራሱ መቅደስ በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ ይገነባል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የተከናወነው 62ኛው ነበር።

መልስ (ከሱሉልታ)
ትምህርቱ ስለ ዘመናዊነት ከሆነ የመንግሥትን እጅ መለየት ያስፈልጋል። ከ1868 በኋላ (የጃፓን ዘመኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ስም የሚጠራው መንግሥት ሽንቶን ከቡድሂዝም ለይቶ መቅደሶቹን በሥሩ አደረገ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የአማቴራሱ ዘር ነው የሚለው ትረካም የአገዛዙ መሠረት ሆነ። ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተሸነፈች በኋላ፣ በታኅሣሥ 1945 አገሪቱን የያዘው በአሜሪካ የሚመራው የወረራ አስተዳደር የመንግሥት ድጋፍ እንዲቋረጥ አዘዘ። ተማሪዎቹ የመንደሩን የመከር በዓል ከዚያ ዘመን ፖለቲካ ጋር እንዳያምታቱት ሊነገራቸው ይገባል።

ይህ ርዕስ ወደ አገራችንም ያደርስዎታል። በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተረቀቀው የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1889ኙን የጃፓን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ ነበር፤ በዚያ ያልተቋረጠው የንጉሠ ነገሥቱ ዘር ሲጠቀስ፣ በእኛው ደግሞ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ የሚወርደው ሐረግ ተደነገገ። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን ቢያስነብቧቸው የተማሪዋ ጥያቄ ለቀጣዩ ክፍለ ጊዜ በቂ መነሻ ይሆናል።